‹መንገድ ቢዘጋስ?› ይሉን የነበሩት ጋሽ ይሁኔ

ጋሽ ይሁኔ መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ቡሬ ከፍኖተ ሰላም ሩቅ አገር አይደለችም፤ በደጉ ጊዜ ሚኒባስ ላይ ተሳፍረው የጀመሩትን ወሬ ሳይጨርሱ የሚደርሱባት ከተማ ናት። በዚያ ዓመት ግን በግጭቱ ምክንያት መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም ተቋርጦ፣ ቡሬ ለእኛ ከባሕር ማዶ ርቃ ነበር። ወሬውን ያመጡልኝ ዓይናቸውን ለመታየት ከዚያ በእግራቸው የመጡ አንዲት እናት ናቸው። ካርዳቸው ላይ ‹ቡሬ› የሚለውን አነበብኩና፣ ጋሽ ይሁኔን ያውቋቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

“የውሃውን ይሁኔን? አረፉ እኮ ልጄ! ነፍሳቸውን ይማርና። ስኳሩ ጣላቸው አሉ።”

ሌላ ሐኪም ቢሆን መቼ፣ እንዴት ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ አልጠየቅኩም። ጋሽ ይሁኔ በምን እንደሞቱ፣ አፈር ካለበሷቸው ሰዎች ሁሉ ይልቅ እኔ አውቃለሁ። የሴትዮዋን ዓይን አየሁ፤ ጠብታ አዘዝኩ፤ ከዚያ የሐኪሞች መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ድምፄ እንዳይሰማ ፎጣ ነክሼ አለቀስኩ።

ስለ እሳቸው ስጽፍ ጻድቅ አድርጌ እንዳልስላቸው እፈራለሁ። ጻድቅ አልነበሩም። ግትር ነበሩ፤ አርፍዶ የመጣ ሰው ካገኙ በሰው ፊት ያሸማቅቃሉ፤ ድንች ከነልጣጩ ይበላሉ፣ ሌላው ሲልጥ ካዩ ደግሞ ስለ ልጣጭ ትምህርት ይጀምራሉ። ሐኪምም አልነበሩም። ዕድሜያቸውን በሙሉ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ምንጭ ሲያጎለብቱ፣ ሽንት ቤት ሲያስቆፍሩ፣ የጉድጓድ ውሃ ሲመረምሩ የኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ናቸው። ‹የውሃው ይሁኔ› የሚለው ስም የወጣላቸው በዚያ ነው።

እኛ ስድስት ነበርን። የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ የምንማር ሐኪሞች፣ ለገጠር ልምምድ ፍኖተ ሰላም የተመደብን። ከምንወስዳቸው ኮርሶች አንዱ ‹ዘላቂ ልማትና የቤተሰብ ጤና› ይባላል። የሚያስተምረው ሰው ጠፋ። የተጠየቀው ሐኪም ሁሉ “ይኼ የስብሰባ ወሬ ነው፣ እኔ በሽተኛ አለብኝ” እያለ ሸሸ። እኛም ብንሆን ኮርሱ ቢሰረዝ ደስታችን ነበር። በመጨረሻ አንድ ሰው ጋሽ ይሁኔን ጠቆመ፤ እሳቸውም በማግስቱ ከቡሬ መጡ።

ጎማ ጫማ አድርገው፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ገቡ። ከመካከላችን አንዱ ዓለም አቀፍ የልማት ግቦቹን አንድ በአንድ በቃሉ ይዞ እጁን አውጥቷል። ጋሽ ይሁኔ እጁን አላዩለትም። እኔን ነው ያዩት።

“ትናንት ከሆስፒታል ያስወጣኸው ሰው አለ?”

“አለ። ሳንባ ምች የነበረባቸው አዛውንት። ድነው ወጡ።”

“የት ሄዱ?”

“ቤታቸው።”

“ቤታቸው ጭሱ በየት ይወጣል? ከብቶቹስ ከሰው ጋር ነው የሚያድሩት? ውሃ ከየት ይቀዳሉ?”

“እሱን… አልጠየቅኩም።”

“እንግዲያ ሰውዬውን አላዳንካቸውም። አድሰህ ወደታመሙበት መለስካቸው።”

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ፊቴ ነደደ። የአምስት ዓመት ሐኪም ነበርኩ፤ አንድ ጎማ ጫማ ያደረገ ሽማግሌ አፌን ሲያስይዘኝ ደስ አላለኝም። ለብዙ ሳምንት ጠምጄአቸው ነበር።

የእሳቸው ትምህርት መጽሐፍ አልነበረውም። ‹ቤት መያዝ› ብቻ ነበር። እያንዳንዳችን በገጠር አንድ አንድ ቤት እንይዛለን፤ በየወሩ እንሄዳለን፤ ያ ቤት ሲወልድ፣ ሲያጭድ፣ ሲታመም፣ ሲጣላ እናውቃለን። ደንቡ ጥብቅ ነው። ከአስፋልቱ በእግር ነው የሚኬደው። ነጭ ጋውን አይለበስም። ስጦታ አይወሰድም። ስንቅ ይዞ መሄድ ግዴታ ነው። በመጀመሪያው ጉብኝት ስለ በሽታ አንድ ቃል አይነሣም።

“እንግዳ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ዶሮ ይታረዳል” ይሉን ነበር። “ዶሮ ከታረደ ደግሞ እውነት አይወራም።”

ከየቤቱ ስንመለስ ያሰብነውን እናቀርባለን። አንዱ የፀሐይ መብራት ይላል፤ አንዱ ከባሕር ዳር የሚመጣ የውሃ ማጣሪያ ይላል። ጋሽ ይሁኔ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በትዕግሥት ያዳምጣሉ። ሲያልቅ ሁልጊዜ ያችኑ ጥያቄ ነው የሚያነሡት። “መንገድ ቢዘጋስ?” መለዋወጫው፣ ኬሚካሉ፣ ባለሙያው ከየት ይመጣል ማለታቸው ነው። “አንተ ከሄድክ በኋላ የማይቆም ነገር ልማት አይባልም፤ ጉብኝት ነው” ይላሉ። እኛ ደግሞ መዝናኛ ክበብ ገብተን ስኳር አለቀ ሲባል “መንገድ ቢዘጋስ?” እየተባባልን በድምፃቸው እንሳለቅ ነበር። ያን ጊዜ መንገድ ይዘጋል ብሎ ያሰበ ማን አለ?

ለእኔ የደረሰችኝ ቤት ከማንኩሳ ከፍ ብሎ ባለው ገጠር የእናኑ ቤት ነበረች። እናኑ ገና ሠላሳ ያልሞላት የገበሬ ሚስት ናት፤ ባሏ ፈንታሁን ይባላል። ከልጅነቷ ጀምሮ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ካልተወጋች ሳምንት የማትከርም ዓይነት። በሦስተኛው ወር ብልቃጧን የት እንደምታስቀምጥ ጠየቅኳት። በጨርቅ ጠቅልላ፣ ከምድጃው በላይ ከጣራው ሣር ውስጥ ሸጉጣው ነበር። መድኃኒቱ በጭስና በሙቀት ይቀቀላል። ተመልሼ ለክፍሉ ሳቀርብ “ከፍተኛ የግንዛቤ እጥረት አለ” አልኩ።

ጋሽ ይሁኔ ጃንጥላቸውን መሬቱ ላይ መቱት።

“የማን? እሷ መድኃኒቱን ከቤቱ ሁሉ ከፍ ያለው ቦታ ላይ አኖረችው። ከብት እንዳይረግጠው፣ አይጥ እንዳይበላው። ከዚህ በላይ ምን ታክብረው! አንተ ‹ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪ› አልካት። ከዚያ ቤት ውስጥ ቀዝቃዛው ቦታ የትኛው እንደሆነ በእጅህ አሳየሃት?”

አላሳየኋትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ቡሬ ገበያ የሚያውቋቸውን ሸክላ ሠሪ ይዘው መጡ። “የዛሬዋ መምህርት እሳቸው ናቸው” ብለው ወንበሩን ለቀቁላቸው። ሴትዮዋ በኀፍረት ቀና ማለት አቃታቸው፤ በአገሩ ሸክላ ሠሪን ‹ተቀመጪ› የሚል የለም፣ ያውም ሐኪም ፊት። ጋሽ ይሁኔ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብለው እንደ ተማሪ ደብተራቸውን ዘረጉ። እሳቸው መሬት ላይ ሆነው እኛ ወንበር ላይ መቆየት ስላልቻልን አንድ በአንድ ወረድን። ሴትዮዋ ያን ጊዜ ነው የተፈቱት። ሰፊ የሸክላ ድስት ውስጥ አነስ ያለች ማሰሮ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል፤ አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ውስጡ ያለው ነገር በጠራራ ፀሐይ እንኳ ይበርዳል። የትኛው አፈር ውሃ እንደሚያስተነፍስ፣ የትኛው እንደሚያፍን እየነካኩ አሳዩን። ከዚያ ወዲህ የስኳር ሕሙማን የያዝን ሁሉ በየቤቱ ማሰሮ አስቀመጥን። እናኑም ብልቃጧን ከጣራ አወረደች። እኔ ግን በሆዴ፣ ይሄ የድሀ መላ ነው፣ ፍሪጅ የሌለው ሰው የሚያደርገው ነው እል ነበር።

መንገዱ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ በተናፈሰበት ሳምንት ጋሽ ይሁኔ በመጨረሻው ሚኒባስ መጡ። ያን ጊዜ የተማሪ ሐኪሞቹ ተጠሪ እኔ ነበርኩ፤ የስኳር ክትትል ክፍሉም በእጄ ነበር። አንድ ካርቶን ኢንሱሊን ገብቶልን ፍሪጅ ውስጥ ደርድረነዋል።

“አከፋፍለው” አሉኝ፣ ገና ሳይቀመጡ።

“ለማን?”

“ለየቤቱ። የሦስት የሦስት ወሩን ስጣቸው። ማሰሮው አላቸው፣ ምንጩም ቅርባቸው ነው።”

“ጋሽ ይሁኔ፣ መድኃኒት በወር በወር ነው የሚሰጠው። ገጠር ለገጠር በትኜው ቢበላሽ ተጠያቂው እኔ ነኝ።”

“ፍሪጅ ያለ መብራት ቁም ሳጥን ነው።”

“ጄኔሬተር አለን።”

“ናፍጣው በምን ይመጣል? መንገድ ቢዘጋስ?”

ሳቅኩ። ዛሬ ድረስ የሚያቃጥለኝ ያ ሳቅ ነው። ያን ጥያቄ እንደ ቀልድ ለምጄው ስለነበር፣ እውነት ሆኖ በር ላይ ሲቆም አላወቅኩትም። “ደንብ አለ” አልኳቸው። “እሺ ዶክተር። ደንቡንም አብረህ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው” ብለው ወጡ።

መንገዱ ተዘጋ። ናፍጣ አለቀ። መብራት በቀን ለሁለት ሰዓት ብቅ ካለ ትልቅ ነገር ሆነ። ያኔ ነው ብልጠት የመጣልኝ። የፍሪጁን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው አዞርኩት፤ መብራት ባለበት ሰዓት አጥብቆ ቢያቀዘቅዝ፣ ሲጠፋ ብርዱ ይቆይልኛል ብዬ። ኢንሱሊንን ሙቀት እንደሚገድለው ሁሉ ብርድም ይገድለዋል፤ አንዴ በረዶ ከሠራ በኋላ ቢሟሟም ጉልበቱ አይመለስም። ይህን ለፈተና ጽፌ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት ጉዳይ ነው። ነርሷ ሲስተር የሺ አንድ ቀን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ይዛ “ዶክተር፣ ታች የሚንሳፈፍ ነገር አለው” አለችኝ። “ሲነቀነቅ ይጠፋል” አልኳት። ነቀነቀችው፤ የጠፋ መሰላት። እኔም የጠፋ መሰለኝ። ለአሥራ አንድ ሕሙማን አደልነው።

ሰዎቹ እየደከሙ ይመጡ ጀመር። ስኳራቸው አልወርድ አለ። ምን በላችሁ ብዬ ተቆጣሁ። ማር ቀምሳችኋል አልኳቸው። መጠኑን ጨመርኩ። የሞተ መድኃኒት እጥፍ ቢያደርጉት ምን ይፈይዳል?

ነሐሴ ሲጋመስ ጋሽ ይሁኔ ጎማ ጫማቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሶ ክትትል ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። ከቡሬ በእግራቸው ነው የመጡት።

“እናኑ ጋ ጎራ ብዬ መጣሁ። እየከሳች ነው፣ ውሃ አይጠግባትም። ምን ሰጠሃት?”

“መጠኑን ጨምሬላታለሁ።”

“ፍሪጁን ክፈትልኝ።”

እጃቸውን ወደ ኋለኛው ግድግዳ ሰደዱ። ጣት የሚያህል በረዶ ጋግሮ ነበር። አንድ ብልቃጥ ከበረዶው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አላቸው። ማስተካከያውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። እንዲጮሁብኝ ጠበቅኩ፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

“ስንት ቤት ገባ?”

“አሥራ አንድ።”

“ተነሥ።”

“ወዴት?”

“ወደ አሥራ አንዱ። ጥፋት እዚህ ሲነገር ሪፖርት ነው። ቤታቸው ሄደህ ስትነግራቸው ነው ጥፋት የሚሆነው።”

መጀመሪያ እናኑ ጋ ደረስን። መደብ ላይ ተጋድማለች፤ ትንፋሿ የበሰለ ፍሬ ይሸታል። ይህ ሽታ ለሐኪም ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሦስት ወር እርጉዝ መሆኗን የሰማሁትም ያን ዕለት ነው። ጋሽ ይሁኔ ከትከሻቸው አንዲት ቅል አወረዱ። ውስጧ እርጥብ ጨርቅ፣ በጨርቁ ውስጥ ደግሞ አራት የኢንሱሊን ብልቃጦች ነበሩ።

“ከየት አመጡት?”

“ወግተህ ጨርስ። ከዚያ ትጠይቀኛለህ።”

ወጋኋት። ጨው በውሃ በጥብጠን በማንኪያ እያጠጣን፣ ስኳሯን በየሰዓቱ እየለካሁ ዋልን። አመሻሽ ላይ ዓይኗ ተገለጠ። እኔም ጉልበቷ ሥር ተቀምጬ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ መድኃኒቱን ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት።

“ወንድማለም፣ እኔስ ጽንሱ ነው የጠላኝ ብዬ ነበር” አለች።

ከቤቱ ወጥተን አጥሩ ሥር ቆምን። ያን ጊዜ ነገሩኝ። ብልቃጦቹ የራሳቸው ነበሩ። ጋሽ ይሁኔ ለብዙ ዓመት ኢንሱሊን ሲወጉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ሆነን ስድስት ሐኪሞች አላወቅንም። መንገዱ ሳይዘጋ በፊት የገዟቸውን ቡሬ ቤታቸው በማሰሮ አኑረዋቸው ነበር።

“ለምን ደበቁን?”

“ብነግራችሁ በሽተኛ ታደርጉኝ ነበር። እኔ መምህር ነበርሁ።”

ብልቃጦቹን በመዳፋቸው ላይ አሰለፏቸው።

“ሁለት ለእሷ፣ ሁለት ለእኔ። መንገዱ ለመስቀል ይከፈታል።”

የምጽፈው ለዚህች አንዲት ቅጽበት ስል ነው። ስንት እንደሚወጉ ጠየቅኳቸው፤ ነገሩኝ። ሁለቱ ብልቃጥ ለስንት ቀን እንደሚሆናቸው ወዲያው አሰላሁ። ለመስቀል ያደርሳቸዋል፤ ከዚያ አያሻግራቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ‹መንገድ ቢዘጋስ?› ሲሉ የኖሩት ሰው ያን ቀን ‹መንገዱ ይከፈታል› አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳሳቱ፤ ወይም አውቀው ነው የተሳሳቱት። ‹ባይከፈትስ?› ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሐኪማቸው፣ ተማሪያቸውም እኔ ነበርኩ። ዝም አልኩ። እናኑ እንድትድንልኝ ፈለግኩ፤ ጥፋቴ በሌላ ሰው ብልቃጥ እንዲጠገንልኝ ፈለግኩ። ሁለቱን ተቀበልኩና ወደ ቤት መለስኩ።

የቀሩትን አሥሩን ቤቶች በአራት ቀን ዞርናቸው። እሳቸው በየበሩ ቆመው፣ የምናገረው እኔ ነበርኩ። አንድ አዛውንት “እኛስ እግዜርን አስቀይመን ነው ብለን ስንጾም ሰነበትን እኮ” አሉኝ። እነዚህ አሥሩ ያለ ኢንሱሊን ጥቂት ሊቆዩ የሚችሉ ነበሩ፤ ያገኘነውን ክኒን አደልን፣ የሚበሉትን ለየን፣ ለቀሪው እግዜርን ለመንን። በአሥራ አንድ ቤት ጥፋቴን ተናገርኩ። አሥራ ሁለተኛውን ግን ከጎኔ የሚራመዱት ሰው ላይ እየፈጸምኩ ነበር፤ እሱን ለማንም አልተናገርኩም።

አስፋልቱ ላይ ተለያየን። ያ ሁሉ መኪና የሚርመሰመስበት መንገድ ጭር ብሎ ሣር ሊያበቅል ደርሷል። ጋሽ ይሁኔ ሊያቅፉኝ ብለው ተዉት፤ እንዲያ ያለ ነገር አይሆንላቸውም። “ቤትህን አደራ” አሉኝ። የእናኑን ቤት ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ ቡሬ አቀኑ።

መንገዱ ለመስቀል አልተከፈተም። ለጥቅምትም አልተከፈተም። በጥቅምት እናኑ ጋ ስሄድ ስኳሯ ከፍ ብሎ አገኘሁት። እርግዝናው ነው ብዬ መጠኑን እንድትጨምር ነገርኳት፤ እሺ አለችኝ። ወደ ቡሬ ለመዝለቅ ሦስት ጊዜ ሞክሬ መንገዱን የያዙት ታጣቂዎች መለሱኝ። መሽቶ በነጋ ቁጥር ጋሽ ይሁኔ ዛሬ ስንት ቀራቸው እያልኩ አሰላ ነበር። የሰጧትን ወስጄ ልመልስላቸው አልችልም፤ የሌለኝን ልሰጣቸው አልችልም። እንዲህ ያለ ስሌት ሰው ያሳብዳል። ኅዳር ላይ ስሌቴ አለቀ፤ እኒያ እናት ዓይናቸውን ሊታዩ መጡ።

መርዶውን በሰማሁ ማግስት ወደ እናኑ ሄድኩ። የምነግራት እኔ መሆን ነበረብኝ። መንገዱን ሁሉ አፌን ሳዘጋጅ፣ አሁን በሩ ላይ ምን እላለሁ ስል ሄድኩ። ሆዷ ገፍቷል፤ ፊቷ ግን አጥንቱ ወጥቷል። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ጓዳ ገብታ የተቋጠረ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ወጣች።

“ወንድማለም፣ ዛሬስ እግዜር ነው ያመጣህ። ይኸን ለአያ ይሁኔ አድርስልኝ።”

ፈታሁት። ከሁለቱ ብልቃጦች አንዱ ነው። ክዳኑ አልተነካም።

“ይሄ… ያንቺ እኮ ነው።”

“የእሳቸው ነው። ውጭ ቆማችሁ ስትካፈሉ ሰምቻችኋለሁ፤ የጭቃ ግድግዳ ምን ይከልላል? ሽማግሌ ሰው የራሱን ከፍሎ ሲሰጠኝ እንዴት አድርጌ ሁለቱንም ልጨርስባቸው? አንዱን እየቆጠብሁ፣ በትንሽ በትንሹ እየወጋሁ ከረምሁ። ፈንታሁን ሁለት ጊዜ ይዞላቸው ወጥቶ ከመንገድ መለሱት። አንተ ሐኪም ነህ፣ አንተን ያሳልፉሃል።”

በጥቅምት ስኳሯ ለምን እንደወጣ ያን ጊዜ ገባኝ። እርግዝናው አልነበረም። እሳቸው ቡሬ ላይ እየጎደላቸው ሲሞቱ፣ እሷ እዚህ ለእሳቸው እያጎደለች ስትሞት ነበር፤ በመካከላቸው ያለው በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

“ምነው ዝም አልህ? ደህና አይደሉም እንዴ?”

መለኪያውን አውጥቼ ጣቷን ወጋሁ። ቁጥሩ አስፈሪ ነበር። በሆዷ ላይ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ፤ የልጁ ልብ ይመታል፣ ቶሎ ቶሎ ይመታል። የተከፈተውን ብልቃጥ እንድታመጣ ጠየቅኳት። ከሥሩ ጠብ ብሎ የቀረ ነገር ነው ያለው።

“የጠዋቱን ወግቻለሁ” አለች።

“አውቃለሁ። ክንድሽን ስጪኝ።”

የተቋጠረውን አዲሱን ብልቃጥ ከፈትኩት። ክዳኑ ሲነሣ ደንግጣ እጄን ያዘች። “ኧረ የእሳቸውን!” አለች። እጇን ቀስ ብዬ አላቀቅኩ፤ የሚገባትን ያህል ሳብኩ፤ ወጋኋት። መርፌው ወጥቶ፣ ጥጡን ራሷ እስክትይዝ ድረስ ጠበቅኩ። ከዚያ ጋሽ ይሁኔ ከተቀበሩ ሁለት ሳምንት ሊሞላ መሆኑን ነገርኳት።

አልጮኸችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧን አሠረች፤ ለአባቷ እንደምታለቅስ ሴት። ብልቃጡን ከእጄ ወስዳ በእርጥቡ ጨርቅ መልሳ ጠቀለለችው።

“ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ አልወጋም ነበር” አለችኝ።

“አውቃለሁ” አልኳት።